ናይትሮ ሞተር ጣና ዳር ለምን ይደክመዋል?

በሪሞት ከሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ለመንዳት የሚቀለው ባለባትሪው ነው፤ ቻርጅ አድርጎ ማብራት ብቻ። እኔ ግን የምመርጠው ነዳጅ የሚያቃጥለውን፣ ናይትሮ የሚሉትን ነው። ምክንያቱ የሚገባው ሞተሩን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ላየ ሰው ነው።

ሞተሩ መዳፍ ውስጥ ይገባል። የተለመደው መጠን 2.5 ወይም 3.5 ሲሲ ነው። አናቱ ላይ ካንዴላ አለው፤ ነገር ግን እንደ ባጃጅ ካንዴላ ብልጭታ አያወጣም። ውስጡ ያለው ፕላቲነም ያለበት ቀጭን የተጠመጠመ ሽቦ ብቻ ነው። ለማስነሳት 1.5 ቮልት ገደማ ሲሰጡት ይግላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፣ ሽቦው ግን እንደጋለ ይቆያል። ነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል ፕላቲነሙን ሲነካ ሙቀት የሚሰጥ ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጠራል፤ ከቃጠሎው የተረፈው ሙቀትም ይታከልበታል።

ፒስተኑ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከበታቹ አዲስ ድብልቅ በካርቡሬተሩ በኩል ይስባል። ድብልቁ ሲቀጣጠል ፒስተኑ ወደ ታች ይወረወራል፤ በሲሊንደሩ ጎን ያለውን የጭስ መውጫ ይከፍትና ከበታቹ የነበረውን አዲሱን ድብልቅ ወደ ላይ ይገፋል። በቃ፣ ሁለት ምት ነው። ቫልቭ የለውም፣ የዘይት ቋትም የለውም። በደቂቃ 30,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር ይህን ሁሉ በሰከንድ 500 ጊዜ ይደግመዋል። ዘይቱ የሚገባው ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ባለሁለት ምት የጀልባ ሞተር ይዞ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ቤንዚኑ ላይ ዘይት የሚጨምረውም ለዚሁ ነው። በብዙ የናይትሮ ነዳጅ ውስጥ የጉሎ ዘይት አለ፤ ጭሱን ያን የራሱን ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ ሞተሩም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ነዳጅ መጨመር አይረዳውም፤ ማራገቢያ ካልነካው ምድጃው ላይ ከሰል ቢከምሩም እሳቱ አይበረታም። ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ሞተር ባሕር ዳር ሲነሳ ይንተባተባል፣ ወፍራም ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይረጥባል። መፍትሔው የካርቡሬተሩን መርፌ በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ፣ ከዚያ ነድቶ ማዳመጥ። ድምፁ ጠርቶ ከኋላው ስስ ጭስ ከታየ ልኩ ላይ ነው። ጭሱ ጨርሶ ከጠፋ ግን አልፏል፤ ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ፒስተኑም ይነክሳል።

ሙቀቱን ለመገመት ብዙዎች የሞተሩ አናት ላይ ውሃ ጠብ አድርገው በስንት ሰከንድ እንደሚተን ያያሉ። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነውና ጠብታዋ ቶሎ ትፈላለች፤ ሞተሩ ሳይግል የጋለ ይመስላል። ጤነኛ ሙቀቱ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ስለሆነ በቴርሞሜትር መለካት ይሻላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት አየር ያልፋል፤ መርፌውም ለሦስቱ ሦስት የተለያየ ልክ ይፈልጋል።

የናይትሮ ስም የመጣው ከናይትሮሜቴን ነው፤ በመኪና ነዳጅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይገባል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ኦክስጅን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ለ1 ኪሎ ናይትሮሜቴን 1.7 ኪሎ ይበቃዋል። የአየሩን ጉድለት በከፊል ራሱ ይሞላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለደጋ ሰው መጠኑ ከፍ ያለው ይሻለዋል።

ባለባትሪውን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። አየር አይተነፍስም፤ ጅቡቲም ባሕር ዳርም ጉልበቱ ያው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስሰማ ተገቢ ነው ብያለሁ፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ከዚሁ ሐይቅ ውሃ እየወሰደ ሰው በነዳጅ ወረፋ ሊውል አይገባም። ለልጅ የሚገዛ መኪና ግን ሰው የማመላለስ ሥራ የለበትም። ስለ አየር መሳሳት በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ መርፌውን ሲያጠብቅ ነገሩን በጣቱና በጆሮው ያገኘዋል። ለዚህ ብዬ ጫጫታውንም ቅባቱንም እቀበላለሁ።

ውጭ ያለ ዘመድ መኪናውን በሻንጣ ሊያመጣ ይችላል፤ ነዳጁን ግን በመንገደኛ አውሮፕላን መያዝ ክልክል ነው። ከተነዳ በኋላ ታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ ማለቅ አለበት፤ ሜታኖል እርጥበት ስለሚስብ በክረምት ኩሽኔታው ይዝጋል። ጥቂት የዘይት ጠብታ በካንዴላው ቀዳዳ ማስገባት ይከላከለዋል። ትርፍራፊው ነዳጅ ሐይቁ አጠገብ አይደፋም። ከሁሉ በላይ ሜታኖል መርዝ ነው፤ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ሽታው አረቄ ሊመስል ስለሚችል በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ በመጣበት ዕቃው፣ «መርዝ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበት።