«የጃንሆይ ብር ሚሊዮን ያወጣል» እና ሌሎች ወሬዎች

የአያት ሣጥን ሲከፈት ከዶሴውና ከፎቶው መሃል አንድ የታጠፈ አሮጌ ብር አይጠፋም። ከዘመድ አንዱ «ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሚሊዮን ያወጣል» ይላል፤ ሌላው «ባንክ የማይቀበለው ወረቀት ምን ይሠራል?» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ብሩን ሳያነብቡ ነው ዋጋ የሚቆርጡለት። ስለ አሮጌ ገንዘብ ከሚወራው አብዛኛው የሚፈርሰው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ዓመቱን፣ ፊርማውንና ሥዕሉን ማየት ሲጀምሩ ነው።

ተረት፦ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውን ይናገራል

ከወረቀቱ በፊት ጠገራ ብሩን እንይ፤ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ማርያ ቴሬዛ ያለችበት ብር 1780 ይላል። ንግሥቲቱ ያረፈችውም በዚያው ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ከእሷ ሞት በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ቁጥሩ ሳይነካ ሲመታ ኖሯል። የለመዱትን መልክ የያዘውን ካልሆነ አንቀበልም ያሉ ነጋዴዎች ስለነበሩ ዓመቱን መቀየር ለማንም አልጠቀመም። ሙሶሊኒ እንኳ ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ አስመትቷል። ስለዚህ አያት ከአያታቸው ወረስኩት የሚሉት ጠገራ ብር ዕድሜው ከራሳቸው ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከዚያም 83 ከመቶው ንጹሕ ብር በመሆኑ ማዕድኑ ራሱ ዋጋ አለው። «ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ» የሚለው ግን ለአብዛኞቹ አይሠራም።

በወረቀቱም ያው ነው። የደርግ ዘመን ብሮች 1969 የሚለውን ዓመት ይዘዋል። ይህ ብሩን ሕጋዊ ገንዘብ ያደረገው አዋጅ የወጣበት ዓመት ነው፤ ሕትመቱ ለዓመታት ሲደጋገም ቁጥሩ እዚያው ቆሟል። ታዲያ ቀድሞ የታተመውን ከኋለኛው በምን እንለየዋለን? በብሔራዊ ባንክ ገዥው ፊርማ። የታደሰ ገብረ ኪዳን ፊርማ ያለበትና የበቀለ ታምራት ፊርማ ያለበት ብር ሥዕላቸው አንድ ቢመስልም ለሰብሳቢ ሁለት የተለያዩ ብሮች ናቸው። የጃንሆይ ብሮች ላይም ይኸው ዘዴ ይሠራል። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ዕለት የወጡት ብሮች የሕትመት ዓመት የላቸውም፤ ዘመናቸው የሚታወቀው በመንግሥት ባንኩ ገዥዎች ፊርማ ነው። የመጀመሪያው ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበር። የኢትዮጵያ ገንዘብ ላይ የአሜሪካዊ ፊርማ መኖሩ ዛሬ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ሰነዱ ግን ያው በሣጥናችን ውስጥ ተቀምጧል።

ለውጭ አገር ሻጮች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 1969ን በራሳቸው አቆጣጠር ያነብቡና የደርግን ብር በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ያስቀምጡታል። በእነሱ 1969 ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ገንዘቡም ላይ የሚታየው የእሳቸው ምስል ነበር። ጠንቃቃ ካታሎጎች ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ተረት፦ የመጀመሪያው የወረቀት ገንዘብ የአፄ ምኒልክ ነው

ባንኩ የእሳቸው ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲመረቅ በሥልጣን ላይ ነበሩ። ወረቀቱ የወጣው ግን በ1907 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ደግሞ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አርፈዋል። በምኒልክ ምስል የተመቱት ሳንቲሞችና የባንኩ ወረቀቶች በወሬ ተደባልቀው ነው «የምኒልክ የወረቀት ብር» የሚባል ነገር የተፈጠረው። ሰውም ወረቀቱን በቀላሉ አላመነውም፤ ሲጥሉት የሚጮኸውን ጠገራ ብር ይመርጥ ነበር።

ተረት፦ የቆየ ሁሉ ውድ ነው፤ ባንክ የማይቀበለው ደግሞ ዋጋ የለውም

ሁለቱን ወሬዎች አንድ የዚምባብዌ ወረቀት ያፈርሳቸዋል። የ100 ትሪሊዮን ዶላሩ ኖት የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው፤ ያረጀ ሊባል አይችልም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የቀድሞውን ገንዘብ ሲሰርዝ በእጅ ያለውን ወረቀት 250 ትሪሊዮኑን በ1 የአሜሪካ ዶላር መነዘረ። በዚህ ሒሳብ 100 ትሪሊዮኑ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። ሰብሳቢዎች ግን ያንኑ ወረቀት ከዚህ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይገዙታል፤ ፈላጊው ብዙ ነዋ።

የእኛም ገበያ የሚሄደው በዚሁ ሕግ ነው። የደርግ አንድ ብር ብዙ ስለታተመ አዲስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከርካሾቹ አንዱ ነው። የጃንሆይ 500 ብር ግን በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ለማስታወሻ ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ ዋጋውም ለዚህ ነው የከበደው። በቸርችል ጎዳና የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ለቱሪስት የሚጠራውን ዋጋ ሰምታችሁ ሣጥናችሁን አትተምኑ። የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ ይለያያሉ፤ ሚሊዮኑም የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ነው።

ይዞታም አለ። አንዴ እንኳ የታጠፈ ብር ከባንክ እንደወጣ ካለው በዋጋ በእጅጉ ያንሳል። እዚህ ላይ ትልቁን ጥፋት የሚሠሩት በቅን ልቦና «ለማሳመር» የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው። ካውያ እጥፋቱን ሲያስተኛ በጣት የሚዳሰሰውን ከፍ ያለ ሕትመትም አብሮ ይደፈጥጠዋል። ሳሙና ቀለሙን ያደበዝዛል፤ ፕላስተር ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ እድፍ ይተዋል። ላሚኔት የተደረገ ብር ደግሞ ለሰብሳቢ አበቃለት። ብሩ ቢቆሽሽም እንደቆሸሸ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ወረቀቱ ከእንጨት የሚሠራ የደብተር ወረቀት አይደለም፤ በአብዛኛው ከጥጥ ጭረት ነው የሚሠራው። ኪስ ውስጥ ተረስቶ ልብስ ጋር የታጠበ ብር የማይበጣጠሰውም ለዚህ ነው። መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቀው ክር ብር ወይም ወርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ስስ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ነው።

ተረት፦ አዲስ መንግሥት ሲመጣ የቀድሞውን ሥዕል ጠራርጎ ያጠፋል

ይህ ለአንድ ጊዜ እውነት ነው። በ1969 ዓ.ም. የጃንሆይ ምስል ከሁሉም ኖቶች ወረደ። በቦታው የሌላ መሪ ፎቶ አልተተካም፤ ከዚያ ወዲህ በመጣ በየትኛውም መንግሥት በሥልጣን ላይ ያለ መሪ መልኩን ብር ላይ አላወጣም። ይህ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ቢሮውን፣ አደባባዩንና የመማሪያ ክፍሉን በፎቶ የሞላው ደርግ ገንዘቡን ለሠራተኛው ተወው። አንድ ብሩ ወጣቱንና ጢስ ዐባይን፣ አምስት ብሩ ቡና ለቃሚውን፣ አሥር ብሩ ሰፌድ የምትሰፋዋን ሴትና ትራክተሩን፣ ሃምሳ ብሩ በጀርባው የፋሲል ግንብን፣ መቶ ብሩ በጀርባው በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ወጣት ያዙ። ሥዕሎቹን በተርታ ብትደረድሯቸው ወንዝ፣ እርሻ፣ እደ ጥበብ፣ ታሪክና ሳይንስ ይሆናሉ፤ አገሪቱ ራሷን እንዴት ለማየት እንደፈለገች ይነበብባቸዋል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ሐውልት ፈረሰ፣ ባንዲራ ተቀየረ፣ መዝሙር ተለወጠ፤ ቡና ለቃሚው ግን ከቦታው አልተነሣም። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም 1989 የሚል ዓመት የያዙ አዳዲስ ብሮችን አወጣች፤ ድንበሩን ተሻግሮ የቀረው አሮጌ ብር ተመልሶ እንዳያጥለቀልቃት ነበር። በዚያም ለውጥ ሰፌድ ሰፊዋ፣ ጢስ ዐባይና የፋሲል ግንብ ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዓመቱ ከሕትመት ሕትመት ይለዋወጥ ስለጀመረ ሰብሳቢው አንዱን አሥር ብር በብዙ ዓመታት እየለየ ያሳድደዋል። በዚህ ምድብ በብዛት የሚገኘው ወደ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ገዥ የነበሩት የተክለወልድ አጥናፉ ፊርማ ያለበት ነው። ስለዚህ ለብቻው ብርቅ የሚያደርገው ነገር የለም።

የ1969ኙ ሥዕሎች ከአሥር ብር ጀምሮ የተሰናበቱት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች፣ ርግብ ካለችበት አዲስ የ200 ብር ኖት ጋር ይፋ ሲሆኑ ነው። ለቅያሪው ሦስት ወር ተሰጠ። ያኔ አሮጌውን «ነገ ይወደዳል» ብለው በብዛት ያስቀሩ ሰዎች ኪሳራ ላይ ናቸው፤ ሥርጭት ውስጥ የተዳከመ መቶ ብር በየቤቱ ሞልቷል። ለማስታወሻ አንድ ሁለት ያስቀመጠ ግን ደግ አደረገ፤ ያልታጠፈ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ወደ ዋሽንግተንም ሆነ ወደ ዱባይ የምትሄዱ ሁሉ፣ ሥራ ላይ ያለ ብር ከአገር ይዞ ለመውጣት የመጠን ገደብ እንዳለ አትርሱ። ገደቡን የሚወስነው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው፤ በየጊዜውም ይለወጣልና ከጉዞ በፊት ጠይቁ። «ለኮሌክሽን ነው» የሚለው ምክንያት ጉምሩክ ላይ አይሠራም።

ሣጥናችሁን ስትከፍቱ ብሩን አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ አትለጥፉት። ከማን እንደተገኘ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ሊገዛችሁ ወይም ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው «የ1969 ነው» ብሎ ካቆመ ደግሞ የማን ፊርማ እንዳለበት ጠይቁት።