ጎረቤት ከጎረቤት ሲቆራረጥ፦ ያልተማከሉ የኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ፈተና

በሰኔ 2023 አጋማሽ፣ ቢሃው የተባለ አነስተኛ የኢንተርኔት የውይይት ማኅበረሰብ ከሁለት ትልልቅ ጎረቤቶቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት በአንድ ማስታወቂያ አቋረጠ። አንደኛው ጎረቤት በዚያው ወር ተከፍቶ በፍጥነት እየገነነ የነበረው ሌሚ ዶት ወርልድ ነበር። እስከዚያ ዕለት በአንድ ርዕስ ሥር ሲወያዩ የነበሩ የሁለቱ ወገን ሰዎች ከዚያ በኋላ እርስ በርስ መነጋገር አልቻሉም። ከመካከላቸው አብዛኞቹ ያጠፉት ጥፋት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድርጊቱ በወቅቱ የጥቂት ሰዎች ጠብ መስሎ ቢታይም፣ ያነሳው ጥያቄ ሰፊ ነው። አንድ ባለቤት የሌለው የማኅበራዊ ትስስር መረብ ሲያድግ፣ ስድብን፣ ማጭበርበርንና ጥላቻን የመቆጣጠሩን ሸክም ማን ይሸከማል? ሸክሙ ከአቅም በላይ ሲሆንስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

አንድ ባለቤት የሌለው መረብ

ፌስቡክን የሚያስተዳድረው አንድ ኩባንያ ነው፤ ደንቡንም የሚያወጣው እርሱው ነው። ያልተማከሉት መረቦች አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። ማስቶዶንና ሌሚ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለማንም በነጻ የተሰጡ በመሆናቸው፣ ኮምፒውተርና ዕውቀት ያለው ሰው የራሱን ሰርቨር አቁሞ፣ የራሱን ደንብ ደንግጎ አባላትን መቀበል ይችላል። በሺዎች የሚቆጠሩት እነዚህ ሰርቨሮች መልእክት የሚለዋወጡት አክቲቪቲፐብ በተሰኘ የጋራ ስምምነት ነው። ይህንን ስምምነት የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ደብልዩ ስሪ ሲ፣ በጥር 2018 አጽድቆታል።

አሠራሩን ለመረዳት ኢሜይልን ማሰብ ይበቃል። የጂሜይል አድራሻ ያለው ሰው ያሁ ለሚጠቀም ወዳጁ ለመጻፍ ሁለተኛ አድራሻ ማውጣት አያስፈልገውም። በ2016 በጀርመናዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኦይገን ሮችኮ የተጀመረው ማስቶዶንም እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ሰርቨር የተመዘገበ ሰው በሌላው ያለውን ይከተላል፣ ያነብባል፣ ይመልሳል።

ይህ ነጻነት ሁለተኛ ገጽታ አለው። እያንዳንዱ የሰርቨር አስተዳዳሪ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣውን ሁሉ ያለመቀበል መብት አለው። አቤት የሚባልበት የበላይ አካል የለም። ኢሜይልም ቢሆን ይህን ያውቀዋል፤ የማይፈለጉ የማስታወቂያ መልእክቶችን የሚያጎርፉ ሰርቨሮች በሌሎች ዘንድ ይታገዳሉ።

አራት ሰዎችና ድንገተኛው ጎርፍ

የቢሃው ታሪክ የሚጀምረው ከሬዲት ነው። ሬዲት ሌሎች መተግበሪያዎች ይዘቱን ለሚያገኙበት አገልግሎት ክፍያ እንደሚጠይቅ በሚያዝያ 2023 አስታወቀ። አፖሎ የተባለው ተወዳጅ መተግበሪያ ፈጣሪ አዲሱ ተመን በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስከፍለው ገለጸ። ሰኔ 12 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ የሬዲት የውይይት መድረኮች በተቃውሞ ተዘጉ። ቅር ከተሰኙት ተጠቃሚዎች ከፊሎቹም ወደ ሌሚ ሰርቨሮች ጎረፉ።

ቢሃውን ያስተዳድሩ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። መግባት የሚፈልግ ሰው ለምን እንደመጣ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ማመልከቻውንም ሰው አንብቦ ይወስናል። በሌሚ ዶት ወርልድ ግን በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቢሃው የራሱን በር ቢያጠብብም ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ ሰፊ ነበር። ማመልከቻው ያልተቀበለለት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በክፍቱ ሰርቨር ተመዝግቦ በቢሃው መድረኮች መጻፍ ይችል ነበር። አራቱ አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ያልተቀበሏቸውን፣ ማንነታቸውንም የማያውቁትን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠባይ መከታተል ግድ ሆነባቸው።

ነገሩን ከእድር ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የእድር ዳኛና ጸሐፊ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት አባላቱን በስም ስለሚያውቋቸውና ደንቡ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ነው። የጎረቤት ሰፈር ሰው ሁሉ ሳይመዘገብ በስብሰባው የመናገር መብት ቢሰጠው ግን የዳኛው ሥራ የሚለካው በእድሩ አባላት ቁጥር መሆኑ ይቀራል፤ በከተማው ሕዝብ ቁጥር ይሆናል። ባልተማከሉት መረቦችም የቁጥጥሩ ሸክም የሚያድገው ከሰርቨሩ አባላት ቁጥር ጋር ብቻ አይደለም፤ ሰርቨሩ ከተገናኛቸው ሰዎች ቁጥር ጋር ነው።

የቢሃው አስተዳዳሪዎች በማስታወቂያቸው እርምጃው ለዘለቄታው የታሰበ አለመሆኑን፣ የተሻለ የቁጥጥር መሣሪያ እስኪገኝ የተወሰደ መሆኑን አመልክተዋል። ምክንያቱም ሌሚ በወቅቱ ለአንድ ሰርቨር የሚሰጠው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ መገናኘት ወይም መቁረጥ። ማስቶዶን ግን መካከለኛ መንገድ አለው። አስተዳዳሪው ሌላውን ሰርቨር ሳይቆርጥ ሊገድበው ይችላል። ያን ጊዜ የዚያ ሰርቨር ጽሑፎች ለማያውቃቸው ሰው አይታዩም፤ ፈቅደው የሚከተሏቸው ግን ማንበባቸውን ይቀጥላሉ። የመሣሪያ እጥረት ማኅበረሰቦችን ከሚያስፈልገው በላይ እንዲቆራረጡ እንደሚገፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዋጋውን የሚከፍሉት

ግንኙነት ሲቋረጥ የቀደመው ነገር ሁሉ ወዲያው አይጠፋም። የቢሃው መድረኮች ቅጂ በሌሚ ዶት ወርልድ ላይ ቀርቷል። አንድ ሰው በዚያ ቅጂ ሥር አስተያየት ቢጽፍ ጽሑፉን የሚያዩት የራሱ ሰርቨር ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ወደ ቢሃው አይደርስም። ጸሐፊው ይህን ካላወቀ ለምን መልስ እንዳላገኘ አይገባውም።

በማስቶዶን ላይ ደግሞ አንድ ሰርቨር ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሲያግድ በሁለቱ መካከል የነበረው የተከታይነት ግንኙነት ይበጠሳል። እገዳው ቢነሣ እንኳ ግንኙነቱ በራሱ አይመለስም፤ እያንዳንዱ ሰው ወዳጆቹን እንደገና ፈልጎ መከተል ይኖርበታል። በጥቅምት 2024 የወጣው 4.3 የተሰኘው የማስቶዶን እትም አባላት እንዲህ ያለ መቋረጥ ሲደርስባቸው እንዲነገራቸው አድርጓል። ሌሚም በታኅሣሥ 2023 ባወጣው እትም እያንዳንዱ ተጠቃሚ የማይፈልገውን ሰርቨር ለራሱ ብቻ እንዲያግድ ፈቅዷል። ሁለቱም ማሻሻያዎች ውሳኔውን ከአስተዳዳሪው እጅ ወደ አባሉ በመጠኑ ያቀርቡታል።

የዕድገት ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ገቢ ብዙ ሰው ወዳለበትና በሩ ወደተከፈተበት ማድላቱ አይቀርም። ግንኙነት የቆረጠው ትንሽ ሰርቨር ሰላሙን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለአዲስ ሰው የሚያሳየው ዓለም ይጠብባል። ትልቁ ሰርቨር ደግሞ ይበልጥ ይተልቃል። በዚህ መንገድ ኃይል በአንድ ቦታ እንዳይከማች የተወጠነው መረብ ወደ ጥቂት ግዙፍ ሰርቨሮች ሊያጋድል ይችላል።

መቁረጥ ግድ የሚሆንበት ጊዜ

ይህ ሲባል መቆራረጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ጋብ የተባለው መድረክ የቀኝ አክራሪዎች መሰብሰቢያ በመሆን የታወቀ ነው። በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎችን የገደለው ግለሰብ ከጥቃቱ በፊት መልእክት ያሰፈረው በዚሁ መድረክ ነበር። ጋብ በሐምሌ 2019 የማስቶዶንን ሶፍትዌር መጠቀም ሲጀምር፣ ሶፍትዌሩ ነጻ በመሆኑ የሚከለክለው አልነበረም። ይሁንና በርካታ ሰርቨሮች በየራሳቸው ውሳኔ ስላገዱት ከአብዛኛው መረብ ተገልሎ ቀረ።

ሌላው አደጋ የሕፃናት ጥቃት ምስሎች ሥርጭት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ጥናት ክፍል በሐምሌ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በሁለት ቀናት ውስጥ ከመረመራቸው 325,000 ያህል ጽሑፎች መካከል ቀድሞ ከታወቁ የጥቃት ምስሎች ጋር የተመሳሰሉ 112 ግኝቶችን መዝግቧል። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን የሚያጣሩበት መሣሪያና የሰው ኃይል አላቸው። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ሰርቨር ለሚያስተዳድር በጎ ፈቃደኛ ግን መቁረጥ በእጁ ያለው ፈጣኑ መከላከያ ነው።

ሜታ ትሬድስን በሐምሌ 2023 ሲያስጀምርም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ኩባንያውን ገና ሳይገናኝ እንደሚያግዱት ቃል ገቡ። ሌሎች ደግሞ መረቡ ብዙ ሰው የሚያገኝበት ዕድል እንዳይባክን ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች በየሰርቨራቸው የመሰላቸውን አደረጉ።

የአማርኛ ተናጋሪው ድርሻ

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ጥያቄው ከቋንቋ ጋር ይያያዛል። በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ በቀረበው ክስ፣ ኩባንያው በኢትዮጵያ ግጭት ወቅት ጥላቻና ቅስቀሳ እንዲሠራጭ አድርጓል፣ በቂ ይዘት ተቆጣጣሪም አላሰማራም ተብሏል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በሚያዝያ 2025 በይኗል።

ያልተማከለ መረብ ይህን ችግር በራሱ አይፈታውም። በአማርኛ የተጻፈ ዛቻ ቋንቋውን ለማያውቅ አስተዳዳሪ ቢጠቆምለት፣ ጽሑፉን አንብቦ ሊፈርድ አይችልም። ያለው ምርጫ ችላ ማለት ወይም ሁሉንም በጅምላ ማገድ ይሆናል። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች የራሳቸውን ሰርቨር ቢያቋቁሙ ስድብን ከቀልድ፣ ቅኔን ከዛቻ መለየት ይችላሉ። ነገር ግን በቢሃው ላይ የወደቀው ሸክም በእነርሱም ላይ ይወድቃል፤ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በዱባይ ያሉ አባላት በተለያየ ሰዓት ሲጽፉ፣ ሌሊት የሚነቃ አወያይ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ መረብ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ስንት ሰዎች ናቸው? የትኞቹን ሰርቨሮች አግደዋል? ብዙ የማስቶዶን ሰርቨሮች ይህን ዝርዝር ከነምክንያቱ ስለ ራሳቸው በሚገልጹበት ገጽ ላይ ያወጣሉ። ሰርቨሩ ሊዘጋ ቢሆንስ? በማስቶዶን ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ሰርቨሮች ከመዝጋታቸው ሦስት ወር አስቀድመው ለማሳወቅ ቃል ገብተዋል። ከዝርዝሩ ውጭ ያሉት ግን እንዲህ ያለ ቃል ስላልገቡ፣ አባላቱ ማረጋገጫውን ከአስተዳዳሪው ራሱ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።