ወሬው በማን እጅ አልፎ መጣ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብዙኃን መገናኛ ነው። ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ብዙኃን ማለት ብዙ ሰዎች ማለት ነው። አንዱ ተናግሮ ብዙዎች የሚሰሙበት፣ አንዱ ጽፎ ብዙዎች የሚያነቡበት መሣሪያ ሁሉ ብዙኃን መገናኛ ይባላል። ጋዜጣ አለ፤ ራዲዮ አለ፤ ቴሌቪዥን አለ፤ አሁን ደግሞ በኪስ የሚያዘው ስልክ አለ።

በጥንት ጊዜም ቢሆን ወሬ መንገድ ነበረው። ነጋሪት ይጎሰምና አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሐል ቆሞ ይናገራል። ገበያተኛው ሰምቶ ለመንደሩ ያደርሳል። መኳንንቱም በፈንታቸው «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ታዲያ አዋጅ ነጋሪው የሚናገረው የታዘዘውን ብቻ ነው። ገበያተኛውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ አዋጁ ካለቀ በኋላ ዘመዱን ጥግ ይዞ «ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የመርሳት ነገር አለ። በተለይ ፊደል በቆጠርን ሰሞን የታተመ ነገር ሁሉ የማይነካ ይመስለናል። «በጋዜጣ ወጥቷል እኮ!» ከተባለ ክርክሩ ያልቃል። ጋዜጣውን የጻፈው ግን እንደ እናንተው ሰው ነው።

እስቲ ዜና እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንድ ጋዜጠኛ ወደ አንድ ወረዳ ተላከ እንበል። እዚያ ድልድይ ሲመረቅ ያያል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንደሌለው ያያል። በመሬት የተጣሉ ጎረቤታሞች ሲካሰሱ ይሰማል። ሁሉን መጻፍ አይችልም፤ የጋዜጣው ቦታ ትንሽ ነው፣ የራዲዮውም ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ይመርጣል። ጽፎ ሲመጣ አዘጋጁ አንብቦ ይቆርጣል። ከአዘጋጁ በላይ ደግሞ ሌላ አለቃ አለ። ሳንሱር ባለበት ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ እስክሪብቶ ይዞ ይሰርዛል። በመጨረሻ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ድልድዩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ውሸት አልተነገራችሁም፤ ድልድዩ በእርግጥ ተመርቋል። የመድኃኒቱ ነገር ነው መንገድ ላይ የቀረው።

ይህ ነገር ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል ብንላችሁ ማጋነን አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን እንንገራችሁ። ዝናብ ጠፋ፤ አዝመራው ከሸፈ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ የሚሸጠው ሲያልቅበት ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ያን ጊዜ ጋዜጣ ይታተም ነበር። ራዲዮ ይናገር ነበር። ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ረሃቡ ግን አልተነገረም። የወሎ ገበሬማ መራቡን ራዲዮ እንዲነግረው አያስፈልገውም። ያልሰማው ሌላው ነው፤ ጎጃም ያለው፣ አሩሲ ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው። እህል በጎተራው ያለው ሰው ነው ያልሰማው።

በዚያው ዓመት ከዩኒቨርስቲ መምህራን ጥቂቶቹ ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ። ተማሪዎችም ጮኹ። ጩኸቱ ግን ከከተማው ብዙ አልራቀም። አማርትያ ሴን የሚባሉ የሕንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን ረሃብ በኋላ አጥንተውታል። በአገሪቱ በጠቅላላው እህል እንዳልጠፋ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ተጭኖ የወጣ እህል እንደነበረ ጽፈዋል። ጋዜጣ በነፃ በሚጽፍበትና ሕዝብ መሪውን በሚመርጥበት አገር እንዲህ ያለ ታላቅ ረሃብ አይደርስም የሚሉትም እኚሁ ሰው ናቸው። ለምን ቢሉ፣ ወሬው ቶሎ ከተሰማ ሹሙ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ያልታወቀው ረሃብ» እንደ ማለት ነው። ያየው ሕዝብ ደነገጠ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ ርዳታም መጣ።

አሁን ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ይኸው ፊልም ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ። ያሳየው ደርግ ነው። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ ገባበት፣ የሠርግ ኬክ ገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል ገባበት። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ የተነሡ ሥዕሎች አይደሉም። ቆርጦ ጎን ለጎን የቀጠላቸው ሰው አለ። እንግሊዝ አገር ያየው ሰው ኪሱን ዳሰሰ፤ አዲስ አበባ ያየው ሰው ተቆጣ። ቁጣው አላግባብ ነው አንልም፤ ያን ያህል ሕዝብ ሲያልቅ መደበቁ ያስቆጣል። ግን የዚያን ምሽት የተናገረው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ የቀጠለው እጅም አብሮ ተናግሯል።

ታዲያ የድሮውን ዝምታ ያጋለጠው መንግሥት በተራው ምን አደረገ? በ1976 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ እንደገና ተራቡ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ግን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ይከበር ነበር። ጋዜጣውም ራዲዮውም የበዓሉ ሆነ። የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ረሃቡ አገር እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ የካሜራ ሰው ከኮረም ያመጡት ፊልም ለዓለም ታየ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለ የሙዚቃ ትርዒት ተደርጎ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ርዳታውም ብዙ ነፍስ አተረፈ።

ግን ያን ጊዜ በዓለም የተሠራጨው ሥዕል ስለ ድርቁ ብዙ ሲናገር፣ በሰሜን ስለሚካሄደው ጦርነት የተናገረው ጥቂት ነው። ስማችንንም ከረሃብ ጋር አሰረው። ለብዙ ዓመታት ባሕር ማዶ የሚኖር ወገናችን «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ረሃብ ነበር። ስለ አገሩ ደቡብ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቀው አላገኘም።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ አዋጅ ነጋሪ ሆኗል። በአንድ በኩል ይህ ደግ ነው፤ የአንድ መንደር ችግር እንደ ድሮው በቀላሉ አይደበቅም። በሌላ በኩል ግን ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዓመት የተነሣ ፎቶግራፍ «ትናንት እዚህ ቦታ እንዲህ ተደረገ» ተብሎ ይላክላችኋል። ላኪው አይታወቅም። ቀን የለው፣ ቦታ የለው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሊያጣላ የሚችለው እንዲህ ያለው ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። ለሌላ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ቆም በሉ፤ ላኪውንም «አንተ አይተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እኔም ተልኮልኝ ነው» የሚል ነው።

እንግዲህ ለመጪው ሳምንት ሥራ እንስጣችሁ። አንድ ጋዜጣ ፈልጋችሁ አምጡ። አንዳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሌሎቻችሁ ጠይቁ። ይህን በዓይኑ ያየው ማን ነው? ቀኑና ቦታው ተጽፏል? ዜናው ስለ ገበሬ ከሆነ፣ ገበሬው ራሱ ተናግሮበታል ወይስ ሌላ ሰው ነው የተናገረለት? ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችሁ ስለ ቀበሌያችሁ አንድ ዜና ጻፉ፤ ከአሥር መስመር እንዳይበልጥ። አሥሩ መስመር ሲሞላ፣ ቦታ ጠቧችሁ ያስቀራችሁትን ነገር በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለቱንም ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ደኅና ሰንብቱ።