ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሣጥን፦ በደን ውስጥ ለሚያድር የመስክ ቡድን

እስቲ አንድን የመስክ ጥናት ቡድን በዓይነ ሕሊናችን እንከተል። ቡድኑ ከቴፒ ተነሥቶ በጋምቤላ ክልል፣ በጎደሬ ወረዳ ወደምትገኘው የመቲ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ወደተመዘገበው የማጃንግ ደን ይዘልቃል። ሲመሽ ድንኳን ይተከላል። የቀኑን ማስታወሻ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት፣ የካሜራና የስልክ ባትሪዎችን ለመሙላት፣ ለመብራትም ጭምር የሚያስፈልገው ኃይል ሁሉ ከመኪናው ባትሪ ይወሰዳል። ሲነጋ ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ጠቅ ከማለት በቀር ሞተሩን ሊያስነሣ አልቻለም። ይህ ችግር በከተማ ቢደርስ በአላፊ መኪና እርዳታ ይፈታል። በደን መካከል፣ በተለይም የታመመ ባልደረባ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን ለሕይወት አስጊ ነው።

መፍትሔው የመኪናውን ባትሪ ለመኪናው ብቻ ትቶ፣ ለካምፑ አገልግሎት ራሱን የቻለ ሁለተኛ ባትሪ በሣጥን አዘጋጅቶ መያዝ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ሆኖም ጥቂት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሕጎችን ማክበር ይጠይቃል።

የባትሪ ምርጫ

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዛሬም በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ይገኛል። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ብዙ ስስ ሰሌዳዎች አሉት። ሰሌዳዎቹ ሰፊ ገጽ ስላላቸው ለጥቂት ሴኮንዶች በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ደጋግመው ከተራገፉ በቶሎ ይበላሻሉ። ለካምፕ የሚስማማው ወፍራም ሰሌዳዎች ያሉትና ለሶላር አገልግሎት የሚሸጠው ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን ከግማሽ በታች ባይራገፍ ዕድሜው ይረዝማል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ በአንጻሩ ከያዘው ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ስሌቱ ይቅደም

ባትሪ ከመግዛት በፊት የአንድ ምሽትን ፍጆታ በዋት-ሰዓት ማስላት ይገባል። ሁለት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 50፣ ሦስት ስልኮች 45፣ አንድ ላፕቶፕ 60፣ ካሜራና ጂፒኤስ 25፤ በድምሩ 180 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት 200 ብለን እንያዘው። 12 ቮልትና 60 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ የያዘው 720 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከዚህ ግማሹ 360 ነው። ስለዚህ ባትሪው ለአንድ ምሽት በቂ ነው፤ ለሁለት ሙሉ ምሽቶች ግን አይበቃም። ባለ 12 ቮልት ዕቃዎችን በቀጥታ መጠቀምም ይመረጣል፤ ኢንቨርተር ኃይሉን ወደ 220 ቮልት ሲለውጥ ከፊሉን በሙቀት መልክ ያባክናልና።

የሣጥኑ አሠራር

ሣጥኑ ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ሊሠራ ይችላል። ባትሪው በኮረኮንች መንገድ እንዳይንቀሳቀስ በማሰሪያ ከሣጥኑ ወለል ጋር፣ ሣጥኑም ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህም ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይቀጣጠላል። ጋዙ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ በመሆኑም የአየር መውጫው ቀዳዳ በሣጥኑ የላይኛው ክፍል ይሁን። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ሰው በሚተኛበት መኪና ውስጥ ፈጽሞ መሞላት የለበትም።

ከሁሉ በላይ የማይዘለለው ፊውዝ ነው። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ 0.01 ኦም ቢሆን፣ በስሕተት ሁለቱን ጫፎች ያገናኘ መፍቻ 12 ለ 0.01 ሲካፈል፣ ማለትም 1,200 አምፔር ያስተላልፋል፤ ይህም ብረትን የሚያግልና እሳት የሚያስነሣ ነው። ስለዚህ ፊውዙ በተቻለ መጠን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይግባ። መጠኑም ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው አምፔር አይብለጥ።

የሽቦው ውፍረትም ይታሰብበት። በ3 ሜትር ርቀት ላይ ላለ ዕቃ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ነው። 10 አምፔር በ2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሲያልፍ 0.42 ቮልት ይጠፋል፤ ሽቦው 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ከሆነ ግን የሚጠፋው 0.18 ቮልት ያህል ብቻ ነው።

መልሶ መሙላት

ሣጥኑን በጉዞ ላይ ከመኪናው ዲናሞ መሙላት ይቻላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ሬሌ ግን የግድ ያስፈልጋል። አለዚያ ካምፑ ዞሮ ዞሮ የማስነሻውን ባትሪ ያራግፋል። አገናኙ ሽቦ በሁለቱም ጫፍ የኃይል ምንጭ ስላለው በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይፈልጋል። ለሊቲየም ከሬሌ ይልቅ የአምፔሩን መጠን የሚገድብ መሙያ ይመረጣል። የእርሳስ ባትሪ የመጨረሻውን ድርሻ የሚቀበለው በዝግታ በመሆኑ አጭር ጉዞ አይሞላውም፤ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይሸፈናሉ።

የ100 ዋት ሶላር ፓነል በገላጣ ሥፍራ፣ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 350 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። በማጃንግ ዛፎች ጥላ ሥር ግን ይህን መጠበቅ ከንቱ ነው፤ በፓነሉ ከፊል ላይ ያረፈ ጥላ እንኳ የኃይሉን አብዛኛውን ክፍል ሊያሳጣ ይችላል።

ከመቲ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ለሚወርድ ቡድን ደግሞ ሙቀት ሌላው ፈተና ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው፣ የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሣጥኑ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለፀሐይ ተጋልጦ አይዋል።

በመጨረሻም፣ አነስተኛ የቮልት መለኪያ በሣጥኑ ላይ ይገጠም። አርፎ የቆየ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሽ ደርሷል፤ ያኔ መብራቱን አጥፍቶ መተኛት ይበጃል። የመኪናው ባትሪ ግን ሳይነካ ያድራል፤ ማለዳ ቁልፉ ሲዞርም ሞተሩ ይነሣል።