ግራፊክስ ካርድ ለቆላ አገር

ኮምፒውተር የወሰደውን ኤሌክትሪክ ሁሉ መልሶ ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል። በአንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ በላተኛው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ 250 ዋት ይወስድ ነበር። በ2022 የመጣው አርቲኤክስ 4090 450 ዋት ደረሰ፤ በ2025 መጀመሪያ የተከተለው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት። ካርዱ ላይ የተገጠመው ማቀዝቀዣ ይህን ሙቀት ከቺፑ አንሥቶ ወደ አየር ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሞቀውን አየር የማስወጣቱ ሥራ የኬዙ ነው። ገዢ ግን ብዙ ጊዜ የካርዱን ስምና የሜሞሪውን መጠን ጠይቆ፣ የፋኑን ብዛት ቆጥሮ ይከፍላል። ኬዙን ማንም አያየውም። በደጋ ይህ ስሕተት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፤ በዲማ ግን አያልፍም።

ዲማ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋ ዞን፣ ከሚዛን አማን ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ሲወረድ የምትገኝ የወርቅ አገር ናት። ወርቅ ባለበት ገንዘብና ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ፎቶ ቤቱ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ ፊልምና ዘፈን የሚጭነው፣ ጌም ቤት የሚከፍተው ይከተላል። እንዲህ ባለ ከተማ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልገው ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚሠራበትም ቤት አብዛኛውን ጊዜ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ኤሲ የሌለው፣ ቢበዛ አንድ ቬንትሌተር የሚዞርበት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በፋን የሚሠራ ማቀዝቀዣ ቺፑን ከአካባቢው አየር በታች ሊያወርደው አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ከአየሩ በላይ ያለውን ልዩነት ማጥበብ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል 70 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ካርድ ከአየሩ በ48 ዲግሪ ይበልጣል። ያው ካርድ በያው ኬዝ፣ የፋኑ ፍጥነት ሳይለወጥ፣ በመጋቢት ቀትር 38 ዲግሪ በሆነ ክፍል ቢሠራ ወደ 86 ይጠጋል። ብዙዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች ደግሞ 83 ወይም 84 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት መቀነስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ባለቤቱ የከፈለበትን ፍጥነት አያገኝም፤ ፋኑ እየጮኸ ቪዲዮው ይዘገያል።

ደጋውም ቢሆን ያለ ዕዳ አልቀረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሙቀት አየርን እንደሚያሰፋ ተቆጥሮ እንኳ፣ የቆላው ትኩስ አየር ከአዲስ አበባው ቀዝቃዛ አየር በ15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ያሰላነው 86 ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። የ16 ዲግሪውን የክፍል ልዩነት ግን አይሽረውም።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣዎቹ እንምጣ። የቆየው አሠራር ብሎወር ይባላል። አንድ ከበሮ መሰል ፋን ብቻ አለው፤ አየሩን ከኬዙ ውስጥ ይስብና ዙሪያው በተዘጋ ሽፋን ሥር፣ በተደረደሩ ስስ ብረቶች መካከል ገፍቶ፣ የሞኒተር ገመድ በሚሰካበት በኩል ከኬዙ ውጪ ያስወጣዋል። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የካርዱን ሙቀት አብዛኛውን ወደ ውጪ ይተፋዋል እንጂ ለጎረቤቶቹ አያወርሰውም። ክፉ ጎኑ ጩኸቱ ነው። ጠባብ መንገድ ውስጥ ብዙ አየር ለመግፋት ፋኑ በጣም መፍጠን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ በጩኸቱ ምክንያት የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ስም ተለጥፎበት ቀርቷል፤ በ2013 የመጣው የኤኤምዲ አር9 290ኤክስም በራሱ ብሎወር 95 ዲግሪ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር የተለቀቀው። ኤንቪዲያ በራሱ ስም በሚያወጣቸው የጌም ካርዶች ላይ በ2018 ብሎወርን ትቶ ወደ ሁለት ፋን ዞረ። አራት ካርድ ጎን ለጎን በሚሰካባቸው ከባድ የሥራ ማሽኖች ላይ ግን ብሎወር ዛሬም አለ፤ ምክንያቱም እዚያ ለሌላው ዓይነት መተንፈሻ ቦታ የለም።

ሁለተኛውና ዛሬ ገበያውን የሞላው ባለሁለት ወይም ባለሦስት ፋኑ ክፍት ማቀዝቀዣ ነው። ከቺፑ ላይ የሚነሡ የመዳብ ቱቦዎች በካርዱ ርዝመት ሙሉ በተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ውስጥ ያልፋሉ። ቱቦው ድፍን መዳብ አይደለም፤ አየሩ ወጥቶ ጥቂት ፈሳሽ የቀረበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ውኃ ያለበት፣ ባዶ ቱቦ ነው። ቺፑ ጋ ያለው ወገን ሲሞቅ ውኃው ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ሄዶ ሙቀቱን ለቅጠሎቹ ይሰጥና እንደገና ውኃ ይሆናል፤ ከዚያም በቱቦው ግድግዳ ላይ በተጋገረው ስፖንጅ መሰል መዳብ ተስቦ ወደ ቺፑ ይመለሳል። ይህ ዑደት ሙቀትን ከድፍን መዳብ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ያሻግራል። ፋኖቹ ሰፊ ስለሆኑም ቀስ ብለው እየዞሩ ይበቃቸዋል። ነገር ግን የሞቀውን አየር የሚለቁት እዚያው ኬዙ ውስጥ ነው። ኬዙ ካላስወጣው ፋኖቹ ያንኑ ትኩስ አየር መልሰው ይስቡታል፤ ፕሮሰሰሩም ራሙም አብረው ይቀቀላሉ።

ሦስተኛ መልክም አለ። በ2020 ከወጡት የአርቲኤክስ 30 ካርዶች ጀምሮ ኤንቪዲያ የካርዱን ሰሌዳ አሳጥሮ አንዱ ፋን አየሩን ከታች ወደ ላይ አሳልፎ እንዲያወጣው አደረገ። 5090ው ላይ ደግሞ ሁለቱም ፋኖች እንዲሁ ያሳልፋሉ፤ 575 ዋት የሚበላውም ካርድ በሁለት ስሎት ውፍረት ተወሰነ። የሚያስደንቅ ምህንድስና ነው፤ ግን የሚያሳልፈው አየር ከላይ ወይም ከኋላ የሚያወጣው ፋን ይፈልጋል።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ቀድሞ ካለው ኬዝ ነው። ለመፈተን አንድ ቅዳጅ ሶፍት ይበቃል። ኮምፒውተሩን አብርታችሁ ሶፍቱን በኬዙ ፊት ለፊት ያዙት፤ ተስቦ ከተለጠፈ አየር እየገባ ነው። ወደ ኋላ ውሰዱት፤ መገፋት አለበት። ፊት ለፊት ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ያ ኬዝ አፉ የተዘጋ ነው። መብራቱ ያማረ፣ ፊቱ በመስተዋት ወይም በድፍን ፕላስቲክ የተሸፈነ ስንት ኬዝ አለ! መስተዋቱ ከፋኖቹ ፊት ቆሞ አየር በጎን ባለች ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይገባል። እንዲህ ባለው ውስጥ ባለሦስት ፋኑን ውድ ካርድ መክተት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ያለው አማራጭ የፊቱን ሽፋን ማንሣት፣ ወይም ብሎወር መግዛት፣ ወይም ዋቱ ያነሰ ካርድ መምረጥ ነው። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ።

ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ባለ120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚያስገባ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ሰፊ ኬዝ ካላችሁ ክፍቱ ማቀዝቀዣ ያለ ጥርጥር ይሻላል። በመስተዋት በኩል ካርዱን አቁሞ ማሳየት ያማረው ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ፋኖቹ ከመስተዋቱ ጋር ከተጠጉ የሚስቡት አየር አያገኙም።

በየከተማው የምናየው ዴስክቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ከውጭ አገር ቢሮ ተነሥቶ የመጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ። ቀጭኑ ዓይነት ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ አጭር ካርድ ነው የሚቀበለው፤ ፓወር ሰፕላዩም 200 ዋት አካባቢ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ትርፍ የኃይል ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ማዘርቦርዱ በስሎቱ በኩል የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ከዚህ የማያልፍ ካርድ ያስፈልጋል፦ 75 ዋት የሚወስደው ጂቲኤክስ 1650፣ ወይም ባለ6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050፣ ሁለቱም በአጭር መልክ የተሠሩ አሉ። ለቪዲዮ ማቀናበር 70 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ ኤ2000 ለዚህ ሳጥን የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ አጭር ነው፣ ብሎወር ነው፣ ሙቀቱንም ከጠባቡ ሳጥን ውጪ ያወጣል። ፋን የሌላቸው ካርዶችም አሉ፤ ለቆላ አልመክራቸውም። የውኃ ማቀዝቀዣም ቢሆን ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫው ቅርብ አይደለም።

የኬዙን የጎን ክዳን አንሥቶ መሥራት የተለመደ ነው። ለክፍቱ ማቀዝቀዣ በእርግጥ ጥቂት ዲግሪ ይቀንስለታል፤ የታፈነ ኬዝ ከሆነ ብዙ። ዋጋው ግን አቧራ ነው። በበጋ የመኪና መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ውስጥ ያ አቧራ በቅጠሎቹ መካከል እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ያጋግረዋል፤ በረሮም ሞቅ ያለ ቤት አገኘሁ ብሎ ይገባል። ከክዳኑ ይልቅ የሚሻለው ከፊት የሚያስገቡትን ፋኖች ከሚያስወጡት ማብዛትና ፊታቸው ላይ ወንፊት ማድረግ ነው። ያኔ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር በየስንጥቁ ወደ ውጪ ይገፋል፤ አቧራው የሚገባበት በር ወንፊቱ ብቻ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ አውጥቶ ማራገፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጽዳት ላይ ብሎወር ያስቸግራል፤ አቧራው በሽፋኑ ሥር ተደብቆ መውጫውን ስለሚደፍን ሽፋኑን መፍታት ግድ ይላል። ክፍቱን ግን ካርዱን አውጥቶ በደረቅ የቀለም ብሩሽና በአየር ማጽዳት ይቻላል። አየር ሲነፋ የፋኑ ክንፍ በጣት ተይዞ ይሁን፤ በነፋስ ከልኩ በላይ ከዞረ ማሽከርከሪያው ይበላሻል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አትጠቀሙ፤ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይረጫል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር (ማይኒንግ) እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ካበቃ በኋላ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል። ቺፑ ደኅና ሆኖ ቴርማል ፔስቱ የደረቀ፣ በሜሞሪዎቹ ላይ ያለው ለስላሳ ንጣፍ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሲታደሱ ካርዱ ብዙ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን አስቡት።

ለዲማ ያለኝ ምርጫ እንግዲህ ዋቱ ዝቅ ያለ፣ ማቀዝቀዣው ግን ከሚያስፈልገው በላይ የገዘፈ ካርድ ነው። 115 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 4060 በባለሁለት ፋን ማቀዝቀዣ፣ በወንፊት ኬዝ ውስጥ ሆኖ የቀትሩን ሙቀት ይችለዋል። ከፍ ያለ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የኃይል ጣሪያውን ወደ 75 ወይም 80 በመቶ ያውርደው። የሚያጣው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ሙቀቱ ግን በሩብ ያህል ይቀንሳል። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው የነዳጅም ቁጠባ ነው።

ክፍሉንም አንርሳ። ብሎወር ሙቀቱን ከኬዙ ያወጣው ይሆናል እንጂ ከቤቱ አያወጣውም፤ 300 ዋት ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲለቀቅ መልሶ የሚገባው አየር ራሱ ይሞቃል። ኮምፒውተሩን በጠረጴዛ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ አለመክተት፣ ጀርባውን ከግድግዳ ማራቅ፣ ነፋስ የሚወጣበትን መስኮት መክፈት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ተገጣጥሞ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጎ የሚወርድ ከሆነ ካርዱ ተሰክቶ አይጫን። ትልልቆቹ ካርዶች ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ያ ክብደት ስሎቱን ይሰብራል፣ የካርዱንም ሰሌዳ ይሰነጥቃል። ካርዱ ተነቅሎ በራሱ ካርቶን፣ በእጅ ሻንጣ ይሂድ፤ ሻጩም መልሳችሁ የምትሰኩበትን ብሎንና የኃይል ገመድ ለይቶ ይስጣችሁ።