«ኢምቤሊሽ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ



በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነገርን ማስዋብን የሚያመለክቱ ግሦች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ልገልጽላችሁ የመረጥሁት «ኢምቤሊሽ» የሚለውን ነው። ምክንያቱም ይህ ቃል አንድ ጊዜ ምስጋና፥ አንድ ጊዜ ነቀፌታ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ምስጋናውን ብቻ ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። «ቤል» ያማረ ማለት ሲሆን፥ ከፊቱ የተቀጠለው ክፍል የማድረግን ትርጉም ይሰጠዋል። የእኛም ቋንቋ «አማረ» ከሚለው «አሳመረ» የሚለውን ሲያወጣ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ትርጉሙ እንግዲህ፥ በራሱ ሙሉ በሆነ ነገር ላይ ጌጥ መጨመር ነው። ሸማኔ የቀሚሱን ጠርዝ በጥለት ሲያስጌጥ፥ ጸሐፊ የብራናውን ራስጌ በሐረግ ሲያሳምር፥ እንግሊዛዊው «ኢምቤሊሽ» ይላል። ጥለት ባይኖረውም ቀሚሱ ይለበሳል፤ ሐረግ ባይኖረውም መጽሐፉ ይነበባል። እኛ «በጥለት» ስንል «በ» የምትሠራውን ሥራ በእነርሱ ዘንድ «ዊዝ» ይሠራዋል። ወንድሙ የሆነው «ዴኮሬት» ደግሞ ቤት ማስጌጥም፥ ለወታደር ኒሻን መስጠትም ነው፤ የእኛው «ሸለመ» ሁለቱንም መያዙ ያስደንቃል።

ነገሩ የሚከብደው በሁለተኛው ትርጉም ላይ ነው። አንድ ሰው ማታ ሲመለስ አንድ ጅብ አየ እንበል። «አምስት ነበሩ» ቢል ማጋነን ነው፤ ይህን «ኢግዛጀሬት» ይሉታል። የጅቡን ቁጥር ሳይለውጥ «የጋቢዬን ጫፍ ይዞ ጎተተኝ፤ እኔም በዱላ ግንባሩን አልሁት» እያለ ያልሆነውን ቢያክልበት ግን «ኢምቤሊሽ» አደረገ ይባላል። ጅብ ማየቱ እውነት ነው፤ ጌጡ ሐሰት ነው። በቡና ላይ ለሚነገር ጨዋታ ይህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ምንም ሳይጨምር የሚያወራ ሰው ጨዋታው አይጥምም።

በፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ምስክሩ ቃሉን «ኢምቤሊሽ» አደረገ ብሎ ቢጽፍና ተርጓሚው «ምስክሩ ቃሉን አሳመረ» ቢለው፥ ቃሉ የተጠረጠረበት ሰው ለአማርኛ አንባቢ ርቱዕ ተናጋሪ ሆኖ ይታያል። እንዲሁም ለትምህርት ዕድል የሚያመለክት ተማሪ ታሪኩን «ኢምቤሊሽ» እንዳያደርግ ቢነገረው፥ በወረቀቱ ላይ አበባ አትሣል ማለት አይደለም፤ ያልሠራኸውን ሠራሁ አትበል ማለት ነው።

ስለዚህ ከግሡ በኋላ የሚመጣውን ስም እንመልከት። ልብስ፥ መጽሐፍ ወይም ዜማ ከሆነ «አስጌጠ» ወይም «አሳመረ» ይበቃል። ወሬ፥ ምስክርነት ወይም የሥራ ታሪክ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው «ከራሱ ጨመረበት» የሚለውን ነው።