ቀሚሱ ሌላ፣ ነጠላው ሌላ እንዳይሆን

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የአንድን ድረ ገጽ ገጾች በአንድ መልክ ስለመያዝ ነው። "ይሄ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?" እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

የክበባችን አባላት ስለ ኤች አይ ቪ ድረ ገጽ ስንሠራ ሥራውን ተከፋፈልን። አንዱ የመተላለፊያ መንገዶችን፣ አንዷ የመድኃኒቱን፣ እኔ የምርመራውን ቦታና ሰዓት የያዘውን ገጽ ወሰድን። ሁላችንም ደስ ያለንን ቀለም ቀባን። የኔው ጥቁር መደብ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ጽሑፍ ነበረው። እንዴት ኮርቼበት ነበር!

አንድ የሮቢት ጓደኛችን በሞባይሉ ከፍቶ ያነባል። መመርመር ፈልጎ "የት ልመርመር?" የሚለውን ሲጫን የኔ ገጽ ብቅ አለ። ቀለሙ ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ፤ ከላይ የነበረው ማውጫም ከታች ሆነበት። "ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ ስሜን ቢጠይቁኝስ ብዬ ዘጋሁት" አለኝ። ይህን የነገረኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አልተመረመረም። ሰው ፊት መጠየቅ አፍሮ ወደ ስልኩ የሸሸውን ልጅ እኛው አስበረገግነው።

ገጾቹን ለእናቴ ባሳያት "አይ ልጄ! ቀሚሱ ሌላ፣ ነጠላው ሌላ ሆነባችሁኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሸማኔ የቀሚሱን ጥለት በነጠላው ላይ የሚደግመው አብረው የሚለበሱ መሆናቸው እንዲታወቅ ነው።

ታዲያ ምን አደረግን? መጀመሪያ በወረቀት ተስማማን፤ አንድ የመደብ ቀለም፣ አንድ የርእስ ቀለም፣ ማውጫው ሁልጊዜ ከላይ፣ ቀዩ ሪባንም ከጎኑ። ሪባኑን ራሱን የትም ስናየው የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ከተሠራ ጀምሮ መልኩን ስላልቀያየረ አይደል?

ቀጥሎ ሲ.ኤስ.ኤስ. በሚባለው ዘዴ ተጠቀምን። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ነው። ቀለሙ፣ የፊደሉ ዓይነትና መጠኑ በየገጹ መጻፉ ቀርቶ በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ ገጾቹ ሁሉ መልካቸውን ከዚያ ይወስዳሉ። አንድ ቦታ ስትለውጡ በሁሉም ይለወጣል።

የኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ቢሆንም ፎንቱን ካልወሰናችሁ ስልኩ ያገኘውን ይመርጣል። እኛ በነጻ የሚገኘውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከድረ ገጹ ጋር አብሮ እንዲጫን አደረግን። አንዱ "ጸረ"፣ ሌላው "ፀረ" ይል የነበረውንም አንድ አደረግነው።

በመጨረሻ በቆላችን የቀትር ፀሐይ ውጭ ቆመን በርካሽ ሞባይል ሞከርነው። ግራጫው ጽሑፍ ጨርሶ አልታይ አለ! ወደ ጥቁር ለወጥነው፤ የነካነው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ገጾቹ ግን በሙሉ ተስተካከሉ።

ያ ጓደኛችን እንደገና ከፈተው፤ በማግሥቱም ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ውጤቱ የራሱ ምስጢር ነው። እናንተም በየክበባችሁ ድረ ገጽ ስትሠሩ እሱን አስቡት፤ የፈራ ሰው ትንሽ ነገር ያስደነብረዋል።

ቸር ይግጠመን!